የጋዝ ውሃ ማሞቂያችሁ ውሃውን ሲያፈላው፦ ከእሳቱ በፊት ውሃውን እዩ

ድሬዳዋ ተቀምጦ ውሃ ማሞቂያ ለምኔ የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነት አለው። በግንቦትና በሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪን ሲያልፍ፣ ከጣሪያ ሮቶ የሚወርደው ውሃ ራሱ ያቃጥላል። ግን ኅዳርና ታኅሣሥ አሉ። ማለዳ አለ። አራስ ቤት አለ፤ በዕድሜ የገፉ እናትና አባት ያሉበት ቤት አለ።

እኔ ይሄ ነገር የገባኝ እህቴ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር አራስ ሳለች ነው። ኅዳር ነው፣ ከማለዳው አንድ ሰዓት አካባቢ። አክስታችን ሕፃኑን ልታጥብ ሳፋው ውስጥ ሙቅ ውሃ ቀዳች። ሕፃን ከማስገባቷ በፊት ክርኗን መንከር የቆየ ልማዷ ነው። ነከረችና ብድግ አለች። ክርኗ ወዲያው ቀላ። ሕፃኑ በሌላ እጇ ታቅፏል። ያቺን ደቂቃ ሳስባት አሁንም ልቤ ድንግጥ ይላል።

ማሞቂያው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ፣ ታንከር የሌለው ነው። ሁለት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ይገባለታል። ቧንቧ ስትከፍቱ ጠቅ ጠቅ ብሎ ራሱ ይለኮሳል፤ ስትዘጉ ይጠፋል። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ዓይነቱ ነው። የኤሌክትሪክ ቦይለር ያላችሁ ሰዎች ችግራችሁ ሌላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የዘመድም የጎረቤትም ማሞቂያ አብሬ አይቻለሁ። ማሞቂያው ሲያቃጥል ሁሉም መጀመሪያ የሚነካካው ጋዙን ነው። እኛ ሰፈር ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ላይ ነው። ውሃው ያንሳል፣ ወይም ቀድሞ ሞቆ ይመጣል፣ ወይም ሁለቱም።

መጀመሪያ በደህና አጥፉት

ውሃው እየፈላ ከመጣ፣ ወይም ማሞቂያው ውስጥ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ የሚንተከተክ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ጋዙን ከሲሊንደሩ አናት ላይ ዝጉ። ቧንቧውን አትዝጉ። ከሥሩ ዞር በሉና ውሃው ይፍሰስ። ውስጥ ያለው የመዳብ ቱቦ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሙቀት ይዟል። ውሃውን ወዲያው ካቆማችሁት እዚያው ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል። ቀዝቀዝ ብሎ መውረድ ሲጀምር ያኔ ዝጉት። ባትሪዎቹንም አውጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አስታውሱ። ቧንቧውን በምትዘጉ ጊዜ እሳቱ አብሮ ይጠፋ ነበር? ማሞቂያው ፊት ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት በኩል ነበልባሉ ይታያል። ቧንቧው ተዘግቶ እሳቱ ከቀጠለ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ተዉት። ሲሊንደሩን ዝጉና ባለሙያ ጥሩ። ውሃው ሲቆም ጋዙን የሚዘጋው ቫልቭ ተጣብቋል ማለት ነው። ከሁሉም የከፋው ብልሽት እሱ ነው፤ እስኪጠገን አንድ ጊዜ እንኳ አትለኩሱት።

ጋዝ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። በርና መስኮት ክፈቱ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ የታችኛው ክፍተት፣ በሩ፣ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሽታው ከሄደ በኋላ ኦሞ በውሃ በጥብጣችሁ አረፋውን በጎማው ጫፍ፣ ጎማውን በሚያጠብቀው ፋሸታና ሲሊንደሩ አናት ላይ የጋዙን ግፊት በሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ዙሪያ ቀቡ። አረፋው ካበጠ እዚያ ይተፋል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አይቻለሁ፤ እባካችሁ።

ሰው ተቃጥሎ ከሆነ፣ ቁስሉ ላይ ቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ድሬ ላይ ይሄ ወጥመድ አለው፤ ከቀትር በኋላ የቧንቧው ውሃ ራሱ ትኩስ ነው። ቤት ውስጥ ጥላ ላይ ከዋለ ጀሪካን ቅዱ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቡ። ሕፃን ከሆነ ወይም ቁስሉ ሰፊ ከሆነ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት።

ሙቀቱ እንዴት ነው የሚመጣው?

ቧንቧ ዘግታችሁ ወዲያው ስትከፍቱ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ትኩስ ውሃ ብቅ ካለ፣ ብልሽት አይደለም። ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ በተረፈው ሙቀት ስለሚግል ነው። ወለል ላይ ካፈሰሳችሁት በኋላ ግቡ።

ውሃው ይግልና መሃል ላይ እሳቱ በራሱ ጥፍት ካለ፣ ከመጠን በላይ ሲግል ጋዙን የሚያቋርጠው ሴፍቲ ሥራውን እየሠራ ነው። ማሞቂያው እያስጠነቀቃችሁ ነው እንጂ አልተበላሸም። እሱን አትንኩት፤ ምክንያቱን ፈልጉ።

ሳይጠፋ ያለማቋረጥ የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ ወደ ሒሳቡ እንሂድ።

አንድ ሊትር ሃይላንድና አንድ ሰዓት

ማሞቂያው ላይ 6 ሊትር ተብሎ ሲጻፍ፣ በሙሉ እሳቱ በደቂቃ 6 ሊትር ውሃን በ25 ዲግሪ ያሞቃል ማለት ነው። እሳቱ ያው ሆኖ ውሃው በግማሽ ከቀነሰ፣ 3 ሊትር ብቻ ካለፈ፣ ሙቀቱ እጥፍ ይሆናል፦ 50 ዲግሪ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ማሞቂያው ውሃውን ወደ አንድ የተወሰነ ሙቀት አያደርሰውም፤ በመጣው ላይ ነው የሚጨምረው።

አሁን ይሄን ድሬ ላይ አምጡት። ከሰዓት በኋላ የሮቶው ውሃ 38 ዲግሪ ቢሆን፣ በደቂቃ 3 ሊትር ብቻ ቢመጣ፣ 38 ሲደመር 50፣ 88 ዲግሪ። 60 ዲግሪ ውሃ የትልቅ ሰው ቆዳ ላይ ከባድ ቃጠሎ ለማድረስ 5 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። የሕፃን ቆዳ ከዚያም ይፈጥናል። ያው ማሞቂያ ሐረር፣ 17 ዲግሪ ውሃ በሚወርድበት ማለዳ፣ ውሃው 6 ሊትር እየመጣለት 42 ዲግሪ ይሰጣል። ምቹ ሻወር ነው። የሐረር ዘመዶቻችን ያደነቁት ማሞቂያ ድሬ ሲመጣ የሚያስጠላው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለኩ። ጋዙ እንደተዘጋ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ አምጡ። የሙቁን ቧንቧ ሙሉ ክፈቱና የስልካችሁን ሰዓት ይዛችሁ ሙሉ። በ10 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 6 ሊትር ነው። 15 ሰከንድ ከፈጀ 4 ሊትር። 20 ሰከንድ ከሆነ 3 ሊትር፤ በሽታውን አገኛችሁት። የእህቴ ቤት 20 ሰከንድ ነበር የፈጀው። የማእድ ቤት ቴርሞሜትር ካላችሁ የሚገባውንም ውሃ ለኩ። የሷ በዚያ ማለዳ 22 ዲግሪ ነበር። 22 ሲደመር 50። አክስታችን ክርኗን የነከረችበት ውሃ ይኸው ነው።

ውሃው ለምን አነሰ?

ከማሞቂያው ሥር ጀምሩ። ቀዝቃዛው ውሃ የሚገባበት ጎማ ሲፈታ፣ አፉ ላይ ጣት የማታስገባ ትንሽ ወንፊት አለች። ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፣ ባልዲ ከሥር አድርጉ፣ ጎማውን ፍቱ፣ ወንፊቷን በፒንሳ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። እህቴ ቤት ያወጣናት ወንፊት ቡናማ ጭቃ መስላ ነበር። ጭቃው ላይ ዝገትና ደቃቅ አሸዋ፣ ከመሃሉም የሮቶ ፕላስቲክ ፍቅፋቂ። ሰፈሩ ላይ ውሃ ለቀናት ጠፍታ ስትመለስ ይሄን ሁሉ ይዛ ነው የምትመጣው። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቂ ነው። አጥበን መለስናት፤ ያው ጠርሙስ በ11 ሰከንድ ሞላ። ጎማውን መልሳችሁ ስታስሩ ውሃ እንዳያንጠባጥብ መሃል የሚገባውን የላስቲክ ቀለበት፣ ጓርኒሲዮኑን፣ እዩት፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ለውጡት።

ቀጥሎ የሻወሩ ራስ። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ሐረርም ውሃዋን የምትስበው በአብዛኛው ከድሬ በኩል ስለሆነ ነጩን ቅርፊት የሐረር ሰዎችም ታውቁታላችሁ። የሻወሩ ቀዳዳዎች በዚህ ይደፈናሉ። ፌስታል ውስጥ አቼቶ አድርጉ፣ የሻወሩን ራስ እስኪሰምጥ አስገቡት፣ በላስቲክ እሰሩትና ይደር። ጠዋት በመርፌ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ እጠቡት።

ከዚያ ከፍታው። ብዙዎቹ ትንንሽ ማሞቂያዎች በደንብ ለመሥራት ሮቶው ከሻወሩ ቢያንስ 2 ሜትር ከግማሽ ያህል ከፍ እንዲል ይፈልጋሉ። ጣሪያ ላይ ዝርግ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ ብዙ ጊዜ ይሄን አያሟላም። የብረት ማቆሚያ ማሠራት ወይም ትንሽ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ማስገባት ነው መፍትሔው። በግማሽ የተዘጋ መዝጊያ መኖሩንም አረጋግጡ። አንድ ጎረቤቴ ለሁለት ወር የታገለው ቀለም ቀቢ በግማሽ ዘግቶት በሄደው መዝጊያ ነው።

ቀድሞ የሞቀ ውሃ

ሮቶው ጥቁር ከሆነና ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ፣ ማሞቂያ ነው። ቆርቆሮ ወይም ሸራ ከላይ ብታጠሉለት ለውጡን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ግድግዳው ላይ ለፀሐይ የተጋለጠውን ቧንቧ አትርሱ፤ መጀመሪያ የሚወርደው በጣም ትኩሱ ውሃ የሱ ነው። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ጋዝ ሳትከፍቱ በባልዲ ተቀበሉት፤ ልብስ ይታጠብበታል።

ማሞቂያችሁ ፊት ላይ የፀሐይና የበረዶ ሥዕል ያለበት ማብሪያ ካለ፣ ወደ ፀሐይዋ አድርጉት። በረዶው ሙሉ እሳት ነው፤ ፀሐይዋ ከማቃጠያዎቹ ከፊሉን ታጠፋለች። አንዳንዱ ሻጭ "ይሄ ክረምት ነው፣ ይሄ በጋ" ብሎ ያስረዳል። የኛ አገር ብርድ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ በጋ ላይ። ሰዉ ሐምሌ ሲገባ "ክረምት ነው" ብሎ በረዶው ላይ ያደርገውና ይቃጠላል። ስሙን ተዉት፣ ሥዕሉን እዩ። ድሬ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይዋ ላይ ቢቀመጥ ይበቃል።

ከዚያ የጋዙን ማዞሪያ ወደ ዝቅተኛው፣ የውሃውን ማዞሪያ ብዙ ውሃ ወደሚያሳልፈው አድርጉ። ከዚህ ተነስታችሁ በጥቂት በጥቂቱ እሳቱን ጨምሩ።

ቀዝቃዛ ስንጨምርበት ለምን ይብሳል?

ይሄን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ቆይቶ ነው የገባኝ። ሻወሩ ሲያቃጥለን በደመነፍስ ቀዝቃዛውን እንከፍታለን፣ ሙቁን ጠበብ እናደርጋለን። ሙቁን ስናጠብ በማሞቂያው ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ይቀንሳል። እሳቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ማሞቂያው ውስጥ ያለው ውሃ ይብስ ይግላል፣ ከዚያ ወይ ሴፍቲው ያጠፋዋል ወይ ድንገት ፈልቶ ይመጣል። ግፊቱ ደካማ በሆነበት ቤት ቀዝቃዛውን ብቻ መክፈትም ያው ነው፣ ከሙቁ ውሃ ይሻማል።

ሙቁን ሙሉ ክፈቱ። ሙቀቱን በጋዙ ማዞሪያ ቀንሱ። ቀዝቃዛ የምትጨምሩት ለመጨረሻዋ ማስተካከያ ብቻ ይሁን። ሰው ሻወር ላይ እያለ ሌላ ቧንቧ እንዳይከፈት ለልጆችም ንገሯቸው።

ውሃው ደህና ሆኖ ካቃጠለ፣ አሁን ጋዙ

የሬጉሌተሩን ዓይነት እዩ። ለቤት የሚሆነው ግፊቱ ቋሚ ነው፤ 30 ሚሊባር አካባቢ፣ የሚዞር ነገር የለውም። ለምግብ ቤት ትልቅ ምድጃ የሚሆነው ግን ግፊት መጨመሪያ እጀታ አለው። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚሸጡ ይቀያየራሉ። እሳቱ ከማቃጠያው ተነስቶ እየጮኸ የሚነድ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ሬጉሌተር አይጠገንም፤ ይቀየራል።

ሁለተኛው፣ ማሞቂያው ራሱ ለየትኛው ጋዝ እንደተሠራ ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ ወይም አስነብቡ። ኤልፒጂ (የሲሊንደር ጋዝ ማለት ነው)፣ 2800 ፓስካል የሚል ከሆነ የኛ ነው። በውጭ አገር ከተማ በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ከሆነ የማቃጠያው ቀዳዳዎች ሰፊ ናቸው። በሲሊንደር ጋዝ ሲሠራ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይነዳል። ከውጭ በስጦታ የመጣ ማሞቂያ ላይ ይሄ ያጋጥማል። ለዚህ ማስተካከያ የለውም፤ ቀዳዳዎቹን በትክክለኛ መለዋወጫ የሚቀይር ባለሙያ ካልተገኘ አትጠቀሙበት።

ኖራውን ማውጣት

እሳቱ ሲነድ ማሞቂያው ውስጥ የሚንተከተክ፣ የሚንጣጣ ድምፅ ካለ፣ ቱቦው ውስጥ ኖራ ተጋግሯል። መንገዱን ያጠባል፣ ውሃውን ይቀንሳል፣ ቦታ ቦታው ላይ እንዲፈላም ያደርጋል። የማጽዳቱ ሥራ ግማሽ ቀን አይሞላም፦

ጋዙን ዝጉ፣ ባትሪ አውጡ፣ የውሃውን መዝጊያ ዝጉ፣ ሻወሩን ከፍታችሁ ያለውን አፍስሱ። ማሞቂያው ሙሉ በሙሉ ይብረድ። ከሥር ሁለቱንም ጎማዎች ፍቱ። በመግቢያው ላይ ንጹሕ ጎማ ግጠሙና ጫፉን ከማሞቂያው ከፍ ያለ ቦታ ላይ በተቀመጠ ባልዲ ውስጥ አድርጉ። መውጫው ላይ ሌላ ጎማ፣ ጫፉ ከሥር ባለ ሁለተኛ ባልዲ። ሁለት ሊትር ያህል አቼቶ ከላይኛው ባልዲ ልቀቁ። መጀመሪያ ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል፤ ቆይቶ ይደፈርሳል፣ ነጫጭ ደቃቅ ቅንጣት ይዞ፣ አረፋ እያወጣ ይመጣል። የወረደውን እየመለሳችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል አሳልፉት። ድፍርሱ ሲቆም በንጹሕ ውሃ አምስት ደቂቃ እጠቡት፣ ጎማዎቹን መልሱ፣ የሚያንጠባጥብ ነገር መኖሩን በደረቅ ሶፍት ፈትሹ።

የባትሪ አሲድ ወይም የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ አትጠቀሙ። መዳቡን ይበላዋል። እኛ በዓመት አንዴ፣ ጥቅምት ላይ እናደርገዋለን፤ ብርዱ ሳይመጣ።

"ዳይሬክት አድርጌልሃለሁ" የሚል ሰው ሲመጣ

በሙቁ መውጫ ቱቦ ላይ የተጣበቀች፣ የሳንቲም መጠን ያላት፣ ሁለት ሽቦ የወጣላት ክብ ነገር አለች። ሴፍቲዋ እሷ ናት። ቱቦው ከመጠን በላይ ሲግል ጋዙን ታቋርጣለች። እህቴ ቤት ከዚያ ማለዳ ሳምንት ቀደም ብሎ ማሞቂያው ከሰዓት በኋላ እየጠፋ ስላስቸገረ አንድ ጠጋኝ ተጠርቶ ነበር። ሁለቱን ሽቦ ቆርጦ እርስ በርስ አሰራቸው፣ በፕላስተር ጠቀለላቸው። "ዳይሬክት አድርጌላችኋለሁ፣ ከእንግዲህ አይጠፋም" አለ። አልጠፋም። ክዳኑን በካቻቢቴ ስንከፍት ያገኘነው ያንን ጥቁር ፕላስተር ነው።

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የጠየቅነውን ነው ያደረገው። ጥያቄያችን "አይጥፋ" ነበር፤ "ለምን ይጠፋል?" ማለት ነበረብን። ማሞቂያችሁን ሌላ ሰው ነክቶት ከሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ እነዚህ ሽቦዎች በቦታቸው መሆናቸውን እዩ። ሴፍቲዋ ራሷ ከተበላሸች ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ያው ዲግሪ የተጻፈባት አዲስ ትገጠም።

ማሞቂያው የተሰቀለበት ቦታ

የዛሬው ጉዳያችን ሙቀት ቢሆንም ይሄን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተሰቀለ ጋዝ ማሞቂያ ካላችሁ ዛሬውኑ ወደ ውጭ ይውጣ። ጋዝ አየር ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ ሰው እዚያው ይወድቃል። በር ዘግቶ ሻወር ውስጥ ያለን ሰው ማን ያያል? ማሞቂያው በረንዳ ላይ ወይም የውጭ ግድግዳ ላይ፣ ዝናብና ፀሐይ እንዳያገኘው ተጠልሎ ይሰቀል። ውስጥ መሆን ግድ ከሆነ የጭስ ማውጫው ቧንቧ እስከ ውጭ ይድረስ፤ ከታችና ከላይ የአየር ቀዳዳ ይኑር።

ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነና ጥቀርሻ ካለ አጥፉት። ሐረር ላላችሁ ይሄ ይበልጥ ይመለከታችኋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ገደማ። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ማሞቂያ ቶሎ ቢጫ ይነዳል። ባለሙያ ጋዙን ቀንሶ ሊያስተካክለው ይገባል።

መልሳችሁ ስትለኩሱ

ባትሪ አስገቡ፣ ሙቁን ቧንቧ ሙሉ ክፈቱ፣ ውሃው መውረዱን እዩ፣ ከዚያ ሲሊንደሩን ክፈቱ። ሁለት ደቂቃ ጠብቁና ባልዲ ውስጥ ቴርሞሜትር ንከሩ። ለትልቅ ሰው ከ38 እስከ 41 ዲግሪ በቂ ነው። ለሕፃን 37 አካባቢ፤ ሳፋው ውስጥም ሁልጊዜ ቀዝቃዛው ይቅደም፣ ሙቁ ይከተል። ቧንቧውን ዘግታችሁ እሳቱ መጥፋቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ሦስት ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ።

ትክክለኛውን ቦታ ስታገኙት ማዞሪያው አጠገብ ምልክት አድርጉ። የእህቴ ማሞቂያ ላይ ሁለት ቁራጭ ነጭ ፕላስተር አለ። አንዱ ላይ "ጠዋት" ተጽፏል፣ ሌላው ላይ "ማታ"፤ ማታ ሮቶው የቀኑን ፀሐይ ይዞ ስለሚቆይ እሳቱ ከጠዋቱ ያንሳል። ከየካቲት እስከ ጥቅምት ደግሞ ሲሊንደሩ ዝግ ነው።